እጅ የለመደው ሠፈር

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የደንበኛ አግዳሚ ወንበር፤ ሌላ ነገር አትይዝም። ባለፈው ክረምት የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ላስጽፍ አሥራ አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ይዤ ገባሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቶቼን ከስክሪኑ በስተግራ አቁማ መምታት ጀመረች። ፍጥነቷ አልገረመኝም፤ ፈጣን ጸሐፊ ብዙ አይቻለሁ። የገረመኝ ዓይኗ ነው። ከእኔ ጽሑፍ ላይ አይነሣም። አንድ አንቀጽ ስታበቃ ቀኝ እጇ ማውዙን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንዴ ጠቅ ያደርጋል፣ ይመለሳል። ስክሪኑን በጨረፍታ ብታየው ነው።

«እስቲ አሁን የነካሻት ቁልፍ ማን ትባላለች?» አልኳት።

«የቷ፣ ጋሼ?»

«አንቀጹን ስትጨርሺ የነካሻት።»

እጇን ከማውዙ አነሣች። «ዳርና ዳሩን እኩል የምታደርገዋ ናት። ስሟ... ቆይ እስቲ...» ስክሪኑን አየች፣ ፈገግ አለች። «እቺ ናታ፣ እዚች ጋ ያለችዋ!» ብላ በጣቷ ነካቻት።

ጀስቲፋይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሦስት አንቀጽ እጇ ተሳሳተ፤ አንዴ መሐሉን፣ አንዴ ግራውን ነካች። ያሳሳታት የእኔ ጥያቄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የኖረን ሰው በመሐል «ስንተኛው ላይ ደረስክ?» ብትሉት እግሩ ይደናገራል፤ እንደዚያው ነው። ይቅርታ ጠይቄ አፌን ዘጋሁ፤ ደንቡ ተጽፎ እስኪያልቅ ግን ያቺ «እዚች ጋ» ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ሜኑ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የለመድነው ከምግብ ቤት ነው፤ የኮምፒውተሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከሜኑ በፊት፣ በዶስ ዘመን፣ ማሽኑ ጥቁር ገጽ ከፍቶ ዝም ይል ነበር። ምን ማዘዝ እንደሚቻል የሚነግር የለም፤ ትዕዛዙን በቃል ይዞ መምጣት የባለጉዳዩ ፈንታ ነው። በካሊፎርኒያ የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ተጠንስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በአፕል ሊሳ፣ በ1984 በማኪንቶሽ፣ በ1985 በዊንዶውስ ወደ ገበያ የወጣው ሐሳብ ይህን ገለበጠው፦ ያለው ሁሉ ተዘርዝሮ ይቅረብ፣ ሰውየው አይቶ ይምረጥ። ቱልባር የሚባለው የቁልፎች ረድፍ ደግሞ ልኳንዳ ካለው ምግብ ቤት በር ላይ እንደተሰቀለው ሥጋ ነው። ዝርዝር አትጠይቁም፤ «ከዚህ» ብላችሁ በጣት ታሳያላችሁ።

ታዲያ ሥጋው የት ይሰቀል? በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው የሚጠቀስ ሰው ኮምፒውተር ሠሪ አይደለም። ፖል ፊትስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ በቀመር አስቀመጠ። ርቀቱና የዒላማው ስፋት ይወስኑታል። ሩቅና ትንሽ ከሆነ እጅ ይዘገያል፣ ቅርብና ሰፊ ከሆነ ይፈጥናል። ይህን ደግሞ ማን ያጣዋል ትሉ ይሆናል። ቀመሩ ግን ያልተጠበቀ ነገር ያወጣል። የማኪንቶሽ ሜኑ ከስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ጋር የተለጠፈ ነው። ማውዙን ወደ ላይ ብትወረውሩት ጠርዙ ይዞ ያቆመዋል፤ ማለፍ አይቻልም። በዊንዶውስ ግን ሜኑው በየመስኮቱ ውስጥ ስለሆነ ከበላዩ ሌላ መስመር አለ፤ የቸኮለ እጅ ያልፈዋል። በኮልፌ ዳገታማ መንደሮች ኳስ የተጫወተ ልጅ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ከጀርባው ግንብ ያለበት ጎል ላይ ባለ በሌለ ኃይልህ ትመታለህ። ከጀርባው ቁልቁለት ከሆነ ግን ኳሷን ቀስ ብለህ ነው የምትነካት፤ ፍለጋ ማን ይወርዳል?

እንግዲህ ፊትስ ያስተማረው እጅ ዒላማውን ካወቀ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ማወቁ አለ። ማወቁ ደግሞ በስም ነው ወይስ በቦታ?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ለእንግዳ ቤት ስናመላክት የቤት ቁጥር አንጠራም። «ዓለም ባንክ ውረድና ደውልልኝ» እንላለን። ዓለም ባንክ ወርዶ ባንኩን የሚፈልግ የለም። አየር ጤና ስንልም ስለ አየሩ ወይም ስለ ጤናው አይደለም የምናወራው። ስሞቹ ትርጉማቸውን አራግፈው ቦታ ሆነዋል። ሰው ሲጠራቸው የሚታየው ማዞሪያው፣ የታክሲው ሰልፍ፣ የሚገባበት ቅያስ ነው።

የስክሪኑም ሠፈር እንዲሁ ነው። ሴቭ የምናደርግባትን ትንሽ ሥዕል አስቧት። ያቺ ባለ አራት ማዕዘን ነገር 1.44 ሜጋ ባይት ትይዝ የነበረች ፍሎፒ ዲስክ ናት። ዛሬ በጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ፍሎፒ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ሥዕሏን ግን ከላይ በስተግራ ጥግ ያገኟታል። ባንክ የሌለበት ዓለም ባንክ ማለት ይህቺ ናት።

እዚህ ላይ የእኛ ሁኔታ ከፕሮግራሙ ሠሪዎች ሁኔታ የሚለይበት ነጥብ አለ። በሜኑው ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው «ቱልስ» የሚለውን ሲያይ መሣሪያ ይታየዋል፤ አንድ ነገር ከቦታው ቢነሣበት በትርጉሙ እያሰሰ ይደርስበታል። የኛ ጸሐፊ እንግሊዝኛ አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ታውቃለች። ግን ሥራውን ስትማር አስተማሪዋ «ቱልስ ግቢ፣ ከታች ሁለተኛው» ነው ያላት። «ቱልስ» ለእሷ እንደ አየር ጤና ነው። ሠፈሩ የተነሣ ቀን ስሙ ብቻውን የትም አያደርሳትም። ስለዚህ የሜኑና የቱልባር አቀማመጥ ምርጫ ሲነሣ የዓይን ውበትና የጣዕም ጉዳይ አድርጎ ማውራት ያናድደኛል። ሰው የለመደውን አቀማመጥ የሙጥኝ የሚለው አዲሱ አስቀያሚ ስለሆነበት አይደለም። በዓመታት ያጠራቀመው ዕውቀት የተቀመጠው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ሠሪዎቹም ችግር ነበረባቸው፤ ፍትሐዊ እንሁን። እ.ኤ.አ. በ1989 ለዊንዶውስ የወጣው የመጀመሪያው ወርድ ወደ 100 የሚጠጉ ትዕዛዞች ነበሩት። ወርድ 2003 ሲደርስ ከ1500 በላይ ሆኑ፤ ቱልባሮቹም 31 ደረሱ። ጠባብ ግቢ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ክፍል የሚቀጥል አባወራ ያውቀዋል፦ መጨረሻ ላይ መተላለፊያው ይጠፋል። ማይክሮሶፍት ወርድን በያዘው ኦፊስ 2000 ያመጣው መፍትሔ በወረቀት ላይ ብልህ ይመስላል። ፕሮግራሙ የምትጠቀሙባቸውን ትዕዛዞች እየቆጠረ፣ የማትነኳቸውን ከሜኑው ይደብቃል፤ ከታች ባለ ሁለት ቀስት ምልክት ብትጫኑ ሙሉው ይዘረጋል። ሜኑው እንደየሰዉ ጠባይ ራሱን ያስተካክላል ማለት ነው።

በሠፈራችን ያለውን ባለ ሱቅ አስቡት። ከመደርደሪያው ጋር ከመላመዱ የተነሣ መብራት በጠፋ ማታ ሻማውንና ክብሪቱን በጨለማ ያነሣል። አሁን አንድ ተቆርቋሪ ሰው ሌሊት ሌሊት እየገባ፣ ቀን ብዙ የተሸጠውን ወደ ፊት፣ ያልተሸጠውን ወደ ጓዳ ቢያዛውርለት ምን ይላል? ሳሙናው ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬ ዘይት አለ። ሰውየው ሱቁን ያግዘዋል ወይስ ያፈርስበታል?

የጥናቱ ውጤት ከባለ ሱቁ ጎን ነው የቆመው፤ ያውም ኦፊስ 2000 ከመውጣቱ አሥር ዓመት አስቀድሞ። እ.ኤ.አ. በ1989 ጄፍሪ ሚቼልና ቤን ሽናይደርማን ቋሚ ሜኑንና ራሱን የሚያቀያይር ሜኑን አወዳድረው ነበር፤ ተሳታፊዎቹ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ በቋሚው ፈጥነው ሠሩ፣ አብዛኞቹም እሱን መረጡ። በ2004 ደግሞ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊያ ፊንድላተርና ጆአና መግሬነር ሦስት ዓይነት አወዳደሩ፦ ከቦታው የማይነቃነቀውን፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚቀያይረውንና ተጠቃሚው በገዛ እጁ የሚያስተካክለውን። ቋሚው ራሱን ከሚቀያይረው ይፈጥናል። ከሦስቱ የትኛውን ትመርጣላችሁ ሲባሉ ግን አብዛኞቹ በገዛ እጃቸው የሚያስተካክሉትን አሉ። ልብ በሉ፤ ለውጥ አልጠሉም። የጠሉት ሌላ ሰው ቤታቸው ገብቶ ዕቃ ሲያነሣ ነው።

ኦፊስ 2007 ለሕዝብ የቀረበው ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ ስንል። ይህኛው እንደ በፊቱ ክፍል መቀጠል አልነበረም፤ ግቢውን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ነበር። «ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው...» የሚለው የሃያ ዓመት ረድፍ ጠፋ። በቦታው ሪባን የተባለው ሰፊ መቀነት መጣ፦ ሆም፣ ኢንሰርት፣ ፔጅ ሌይአውት። ትዕዛዞቹ በሥራ ዓይነት ተከፋፍለው፣ ሥዕላቸው ገዝፎ ተደረደሩ። ሠንጠረዥ ውስጥ ስትገቡ የሠንጠረዥ ታብ ብቅ ይላል፤ ስትወጡ ይጠፋል።

ንድፉን ከመሩት አንዱ የሆነው ጄንሰን ሃሪስ ሥራው በግምት እንዳልተሠራ በወቅቱ ብዙ ጽፏል። ፈቃደኛ የሆኑ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር የትኛው ትዕዛዝ ስንት ጊዜ እንደተነካ ለኩባንያው ይልክ ነበር። በወርድ 2003 ከሚነኩት ትዕዛዞች ሁሉ ፔስት ብቻውን ከ11 በመቶ በላይ ይይዛል። ፔስት፣ ሴቭ፣ ኮፒ፣ «አንዱ» (ያደረጉትን መሻሪያው) እና ቦልድ አምስቱ አንድ ላይ 32 በመቶ ገደማ ናቸው። ሪባኑ ላይ ፔስት ከኮፒ በእጥፍ ገዝፎ በስተግራ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ፊትስ ቢያየው ይደሰት ነበር።

ቆጠራው ግን በኢንተርኔት ነው የሚላከው። በዚያ ዘመን በኮልፌ፣ በመርካቶ፣ በየወረዳው የነበሩት የጽሕፈት ቤቶች ስንቶቹ ኢንተርኔት ነበራቸው? ፕሮግራሙስ ቢሆን ከጓደኛ በተዋሱት ሲዲ የተጫነ ነበር። ገመድ ያልተዘረጋለት ኮምፒውተር በዚህ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። እኔ የአዲስ አበባ ጸሐፊዎች ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ ከአምስቱ አንዱ ቦልድ አይሆንም ነበር ባይ ነኝ። የፎንት ሳጥኑ ይሆን ነበር።

ለምን? እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ምዕራፍ ዋና ጉዳይ የተደበቀው እዚህ ነው። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቦታውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ወደ ሠፈር ጽሕፈት ቤቶች እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጀ። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በማሽኑ ዓይን አማርኛ አልነበረም። ከሥር ያለው የእንግሊዝኛው ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ብቻ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ብትለውጡት ማመልከቻው የነጥብና የሰረዝ ውጥንቅጥ ይሆናል። ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ ሰነድ ስትከፍት፣ ከሌላ ፋይል ስትገለብጥ፣ በመሐል የእንግሊዝኛ ስም ሲገባ፣ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደዚያች የፎንት ሳጥን ነበር።

ከዚህ የባሰም ነበር። ወርድ ጽሑፉን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለሚያምን ሊያርመው ይነሣል። አራት ነጥብ መስሎ የታየው ነገር ካለ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ትልቅ ማድረግ ይፈልጋል። ትንሹ «ኤ» እና ትልቁ «ኤ» ለእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ናቸው፤ በአማርኛው ፎንት ግን በሁለቱ ቁጥሮች ላይ የተቀመጡት የማይገናኙ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ጸሐፊዋ ትክክል መታ ሳለች፣ ባዶ ቦታ መምቻውን እንደነካች ፊደሉ ዓይኗ እያየ ወደ ሌላ ፊደል ይገለበጣል። ስሙ በማመልከቻ ላይ የተበላሸ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለዚህ አገር አንባቢ አልነግርም። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠች የአማርኛ ጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራዋ ይህን ማጥፋት ነበር፦ ቱልስ፣ ኦቶኮሬክት፣ ራይቶቹን ሁሉ ማንሣት፣ ኦኬ። በየማሠልጠኛው የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ እንደ ጸሎት በቃል የሚያዝ።

ኦፊስ 2007 ሲመጣ ቱልስ ጠፋ። ኦቶኮሬክት አልጠፋም፤ ተዛወረ። የት? ከላይ በስተግራ፣ ባለ አራት ቀለም ምልክት ያለባት ክብ ነገር አለች፤ እሷን ተጭኖ፣ ከታች ጥግ «ወርድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ፕሩፊንግ»፣ ከዚያ ነው። ክቧ ቁልፍ ሆና አልታየችንም። በእኛ አገር ክብ ሆኖ ወረቀት ላይ የሚቀመጥ ነገር ማኅተም ነው፤ ማኅተም ደግሞ ባለቤቱ ካልሆነ ማንም አይነካም። እኔ ራሴ በዚያ ወቅት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ለሳምንታት ያቺን ክብ የኩባንያው ዓርማ አድርጌ ሳያት ነበር። ማተሚያ ትዕዛዙ እዚያ ውስጥ መሆኑን ሳላውቅ በኮንትሮል ፒ ብቻ ኖርኩ። ይህ የኛ መሃይምነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በኦፊስ 2010 ክቧ ተነሥታ «ፋይል» የሚለው ጥንታዊ ስም ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሌላም ነገር መጣ፤ የሜኑ ጉዳይ ባይሆንም ከዚያው ቤት ነው። አዲሱ ወርድ ሲከፈት በመስመሮች መሐል 1.15፣ ከአንቀጽ በኋላ ደግሞ 10 ነጥብ ክፍተት ይዞ ይከፈታል። በአንድ ገጽ የሚያልቀው ማመልከቻ ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ላይ ወደቀ። ደንበኛው የሚከፍለው በገጽ ነው። «ቅድም አንድ አላልሽኝም?» የሚለውን ክርክር የጀመረችው ጸሐፊዋ አይደለችም፤ የሪባኑ ዘመን ነው። ክፍተቱን ማጥበቂያውም እንደሌላው ሁሉ ቦታ ቀይሮ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሠሪዎቹ በጥበብ አስቀርተዋል። በድሮው ሜኑ አልትን ተጭናችሁ «ኦ»፣ ከዚያ «ፒ» ብትመቱ የአንቀጽ ማስተካከያው ይከፈት ነበር፤ «ፎርማት» የሚባለው ሜኑ ከጠፋ በኋላም ያው ፊደል ያው ቦታ ያደርሳል። የፈረሰ ሠፈር የእግር መንገድ በአዲሱ ሕንጻ ሥር እንዲያልፍ መተው ማለት ነው። በጣት የተማሩ ጸሐፊዎች ከመዓቱ የተረፉት በዚህ ነው፤ የተጎዱት በማውዝ የተማሩት ናቸው።

«ታዲያ እንደፈለጉት አያስተካክሉትም ነበር?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ የድሮው ወርድ ቱልባሩን እንደፈለጉ ለመጎተት፣ ቁልፍ ለመጨመርና ለመቀነስ ይፈቅድ ነበር። እዚያው ቆጠራ ላይ ግን ይህን ያደረገው ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ካደረጉትም አብዛኞቹ የነኩት ቢበዛ 4 ቁልፍ ነው። ብዙ ንድፍ ሠሪዎች ከዚህ ቁጥር «ሰው ምርጫ አይፈልግም» የሚል ድምዳሜ ያወጣሉ። እኔ አልስማማም።

የኮልፌዋን ቤት ልውሰድ። ኮምፒውተሩ የጸሐፊዋ አይደለም፣ የባለቤቱ ነው። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ልጅ ይሠራበታል። እሷ ወደ ግራ ያመጣችውን እሱ ወደ ቀኝ ይመልሳል፤ ሳይነጋገሩ የሚጣሉበት ነገር ይሆናል። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ባለሙያ ተጠርቶ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ያን ቀን ፋይሎቹ ወደ ጎን ይቀመጣሉ፤ የቱልባሩ ዝግጅት ግን ማንም ትዝ ሳይለው ይታጠባል። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ቤቱ በላዩ የሚፈርስበት ሰው ግድግዳ ቀለም ይቀባል? አቀማመጡን ያልነካው ሰው ሁሉ ምርጫ የሌለው አይደለም፤ ምርጫው በእጁ የማይቆይለት ሊሆን ይችላል። በማውዝ ድንገት ታቡን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ሪባኑ በሙሉ ሲሰወርበት «ቫይረስ ነው» ብሎ የሚደነግጠው ደንበኛም ከዚሁ ወገን ነው። ኮንትሮል ኤፍ 1 ይመልሰዋል፤ ግን ዕቃው ያለፈቃዱ ሲነሣበት የኖረ ሰው መደንገጡ አይፈረድበትም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ፕሮግራሞች ነገሩን በየፊናቸው ሞክረውታል። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 የስታርት ቁልፍን አነሣ፣ በዓመቱ በ8.1 መለሰ። ሊብረ ኦፊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 6.2 ሥሪቱ ሪባን የሚመስለውን ገጽታ ለሁሉም ሲያቀርብ የድሮውን አላነሣም። ሜኑና ቱልባር የፈለገ ያንን፣ ታብ የፈለገ ይህን ይይዛል። እኔን የሚመቸኝ ይኸኛው መንገድ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግቢውን ያጣብባል፣ ግን ማንንም ከሠፈሩ አያፈናቅልም።

የአማርኛ ሜኑስ? ለዊንዶውስ 7 የአማርኛ ገጽታ ጥቅል ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ለሌሎችም ፕሮግራሞች ትርጉም አለ። የማውቃቸው ጸሐፊዎች ሞክረው ወደ እንግሊዝኛው ተመልሰዋል። ትርጉሙ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ «ኤዲት» በአንዱ «ማረሚያ»፣ በሌላው «አርትዕ» መሆኑ በእርግጥ አይረዳም። ትልቁ ችግር ግን ሲጨንቃቸው የሚደውሉለት ጓደኛ «ኢንሰርት ግቢ» የሚላቸው መሆኑ ነው። ካርታው ከአማካሪው ጋር ካልገጠመ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑ ምን ያደርጋል? አንድ ትውልድ ከመነሻው በአማርኛው ቢማር ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ያ ትውልድ ደግሞ አሁን በስልክ ነው የሚያድገው፣ ሜኑውም ሦስት ሰረዝ ሆኖ ጥግ ላይ ተሰብስቧል።

በጥቅምት መጀመሪያ የደንቡን ተጨማሪ ኮፒ ላወጣ ተመልሼ ሄድኩ። በአንደኛው ኮምፒውተር ፊት አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለወረዳ የሚያስገቡትን ማመልከቻ ሊያስጽፉ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ መጻፍ አልጀመረችም። ዋዜማውን ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጓል።

«አንዴ ይታገሡኝ አባባ፣ ዕቃዬን ላስቀምጥ» አለቻቸው።

«የምን ዕቃ?» አሉ፣ ጠረጴዛውን እያዩ። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀትና ከስቴፕለር በቀር ምንም የለም።

ጀስቲፋይን ፈልጋ ራይት ክሊክ አድርጋ ከላይ ወዳለችው ትንሽ ረድፍ ጨመረቻት። ከዚያ የማተሚያ ማሳያዋን፣ ከዚያ ፎርማት ፔይንተርን፣ ከዚያ የመስመር ክፍተቷን። ይህን ረድፍ ኤክስፖርት አድርጋ በፍላሽ ልትይዘው እንደምትችል ነገርኳት።

«ፍላሹን ደሞ ቫይረስ ሲበላውስ ጋሼ?» አለችኝ ዞር ሳትል።

ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በማውዝ ሄደችበት፣ እንደ መሰንቆ ቃኚ። ሦስተኛዋ ላይ ቆመች፤ ፊቷ አልተመቸውም። ዝርዝሩን ከፍታ ፎርማት ፔይንተርን በቀስቷ አንድ እርከን ወደ ላይ አወጣቻት። እንደገና ሄደችበት። አሁን እጇ ሳይቆም አለፈ።

«እሺ አባባ» አለች፣ ወረቀታቸውን ከስክሪኑ በስተግራ እያቆመች፤ «ለወረዳ ስንት ነው የሚጻፈው?»